በእንጀራ አባቱ ስም የሚጠራው የጫት ንጥረ ነገር

የተባበሩት መንግሥታት ቁጥጥር እንዲደረግባቸው በወሰኗቸው አነቃቂና አደንዛዥ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ካቲን የሚባል አለ። ከጫት ቅጠል የሚገኝ ነው። ከአጠገቡ በአንድ ትንፋሽ ለማለት የሚያስቸግር ሁለተኛ ስም ይከተላል፦ ኖርሱዶኢፌድሪን። መጀመሪያ ሳየው እንደ ማንኛውም የመድኃኒት ቤት ቃል አይቼ አለፍኩት። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ኢፌድሪን ኢፌድራ ከሚባል ተክል የወጣ መድኃኒት ነው፤ ኢፌድራ ደግሞ የጫት ዘመድ አይደለም። ጫት አበባ የሚያብብ ዛፍ ነው። ኢፌድራ ግን ከጥድና ከዝግባ ወገን የሚመደብ፣ እውነተኛ አበባ የሌለው፣ ቅጠሉ ከማነሱ የተነሣ በትር በትር ብቻ የሚመስል የደረቅ አገር ቁጥቋጦ ነው። ታዲያ የሐረርጌው ተክል የሚሠራው ንጥረ ነገር ስለ ምን በዚህ ቁጥቋጦ ስም ይጠራል?

መልሱን ለመረዳት የእኛ የስም አወጣጥ ልማድ ይረዳል። ምትኩ የተባለ ሰው ስሙ ስለ ራሱ የሚነግረን ነገር የለም፤ የሚነግረን ከእሱ በፊት ስለሞተው ወንድሙ ነው። ካሳም፣ ማስረሻም እንደዚያው ናቸው። ስሙን የሰማ እንግዳ የልጁን ጠባይ ሊያውቅ አይችልም፤ ልጁ ሲወለድ በቤቱ ውስጥ ምን ሆኖ እንደነበር ግን ይገባዋል። ከዕፅዋት የሚወጡ ንጥረ ነገሮች ስምም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ኖርሱዶኢፌድሪን ስለ ጫት የሚናገረው ነገር የለም። የሚናገረው ጫት ላቦራቶሪ ሲገባ የኬሚስትሪ ሰዎች ቀድመው ያውቁት ስለነበረው ሌላ ነገር ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ግን በተለያየ አገርና ዘመን የኖሩ፣ አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች ቁራጭ በቁራጭ ቀጣጥለው ያወጡት ነው።

የአማርኛ ሰዋስው መምህራን ከቃል ፊትና ኋላ የሚቀጠሉትን ቁርጥራጮች ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ ይሏቸዋል። እዚህም ሥራችን ባዕዶቹን ከሥሩ መለየት ነው። ኖር፣ ሱዶ፣ ኢፌድር፣ ኢን። ከጅራቱ እንነሣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኢን የሚለው መድረሻ የወገን ምልክት ነው። ሞርፊን፣ ኪኒን፣ ካፌይን፣ ኒኮቲን፣ አትሮፒን ሁሉም በእሱ ያልቃሉ፤ ሁሉም ደግሞ አልካሎይድ ከሚባለው ነገድ ናቸው። አልካሎይድ ስንል በተክል ውስጥ የሚፈጠር፣ ናይትሮጂን ያለበት፣ ብዙውን ጊዜ መራራ፣ በጥቂቱ ተወስዶ እንኳ በሰውነት ላይ ብርቱ ሥራ የሚሠራ ንጥረ ነገር ማለታችን ነው። ቃሉን በ1819 ያወጣው ዊልሄልም ማይስነር የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው። «አልካሊ የሚመስል» ማለት ሲሆን፣ አልካሊ ራሱ ጨዋማ መሬት ላይ የሚበቅሉ ተክሎች ሲቃጠሉ የሚገኘውን አመድ ዐረቦች ከሚጠሩበት ስም የመጣ ነው። ሞርፊንን ያገኘው ዘርቱርነር ስሙን በግሪኮች የሕልም አምላክ በሞርፌዎስ ሞርፊየም ብሎት ነበር፤ ፈረንሳዊው ጌይ ሉሳክ ነው ሞርፊን ያደረገው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ ያንኑ ጅራት ለበሰ። ስለዚህ አንድን ስም ሳያውቁት ኢን የሚለውን ጅራቱን ብቻ አይተው፣ ይህ ከእነ ሞርፊን ቤት ይሆናል ብሎ መጠርጠር ይቻላል፤ ምንም እንኳ እንደ ኢንሱሊን ያሉ ዘመድ ያልሆኑ ጭምር በዚሁ ጅራት ቢገለገሉም።

ወደ ሥሩ ስንመጣ ኢፌድራ ግሪክኛ ነው። «ኤፒ» በላይ፣ «ሄድራ» መቀመጫ፤ በአንድነት «በላይ የተቀመጠ» እንደማለት ነው። ይቺ «ሄድራ» ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ መሆን አልነበረባትም፤ ካቴድራል በሚለው ቃል ውስጥም አለች። ካቴድራል የጳጳስ መንበር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ነው። መንበሩ በግሪክኛ «ካቴድራ» ይባላል። የካቴድራሉ መቀመጫና የቁጥቋጦው መቀመጫ አንድ ቃል ናቸው ማለት ነው።

ቻይናውያን ይህንኑ ተክል ማ ኋንግ ይሉታል፤ ለሳልና ለትንፋሽ ማጠር ከጥንት ጀምረው ሲቀቅሉት ኖረዋል። በ1885 ናጋይ ናጋዮሺ የተባለ፣ በርሊን ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ጃፓናዊ ከማ ኋንግ ውስጥ ንጹሑን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣና ኢፌድሪን አለው። ነገሩ ለአርባ ዓመት ያህል ብዙ ሰሚ ሳያገኝ ቆየ። በ1924 ፔኪንግ ውስጥ የሚሠሩ ቼንና ሽሚት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኢፌድሪን አድሬናሊን የሚሠራውን እንደሚሠራና በአፍ ሲወሰድም እንደማይከሽፍ ሲያሳዩ ግን የአስም መድኃኒት ፈላጊው ዓለም ዓይኑን አዞረ። ይህን ቀን ልብ ይሏል። ጫት በላቦራቶሪ ማንነቱ ሊታወቅ ስድስት ዓመት ሲቀረው፣ ኢፌድሪን በዘመኑ ከሁሉ ይበልጥ የሚወራለት የተክል መድኃኒት ሆኖ ነበር።

ሱዶ «ሐሰተኛ» ማለት ነው፤ ከግሪክኛው «ፕሴውዶስ» የመጣ። በ1889 ላደንቡርግና ኧልሽሌገል የተባሉ ጀርመኖች ከዚያው ኢፌድራ ሌላ ንጥረ ነገር መኖሩን ገለጡ። ካርቦኑ፣ ሃይድሮጂኑ፣ ናይትሮጂኑና ኦክስጂኑ ሲቆጠር ከኢፌድሪን ጋር ትክክል ነው፤ የተያያዙበትም ቅደም ተከተል ያው ነው። ነገር ግን ኢፌድሪን አይደለም። የሚቀልጥበት ሙቀት ይለያል፤ ብርሃንን የሚያጣምምበት አቅጣጫ ይለያል። ሐሰተኛ ኢፌድሪን አሉት።

ይህን ለመረዳት እጅን ማየት ይበቃል። ቀኝና ግራ እጅ ጣታቸው እኩል ነው፤ ቅደም ተከተሉም አንድ ነው፤ የቀኙ ጓንት ግን ለግራው አይሆንም። አንድ የካርቦን አቶም አራት የተለያዩ ነገሮችን ሲይዝ እንዲሁ ቀኝና ግራ ይኖረዋል። ኢፌድሪን ውስጥ እንደዚህ ያሉ ሁለት ካርቦኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም የየራሳቸው ቀኝና ግራ ስላላቸው አራት ዓይነት ጥምረት ይቻላል። በኢፌድሪን ሁለቱ ተለያይተዋል፤ አንዱ የቀኝ፣ አንዱ የግራ ነው። በሱዶኢፌድሪን ግን ሁለቱም በአንድ ወገን ናቸው። «ሐሰተኛው» እንግዲህ ምንም የዋሸው ነገር የለም፤ ቀድሞ የተገኘው ወንድሙ «እውነተኛ» የሚለውን ቦታ ስለያዘበት ብቻ ነው። ኋላ የተወለደ ልጅ ከሚደርስበት በደል አይለይም። ዛሬ ሱዶኢፌድሪን ለአፍንጫ መታፈን በሚሰጡ የጉንፋን እንክብሎች ውስጥ በስሙ ታትሞ ይገኛል፤ ሐሰተኛ መድኃኒት መስሎት የተወው ሰው ግን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ኖር። ከአራቱ ቁራጮች እጅግ የምወደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ኬሚስቶቹ ራሳቸው ከየት እንደመጣ ረስተው ሌላ ታሪክ ፈጥረውለታል።

ትርጉሙ ቀላል ነው። ሜቲል የሚባል አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ያለው ትንሽ ቅንጣት አለ። እሱ ከአንድ ንጥረ ነገር ላይ ተነሥቶ በቦታው አንድ ሃይድሮጂን ብቻ ሲተካ የሚቀረው በኖር ይሰየማል። ሱዶኢፌድሪን በናይትሮጂኑ ላይ አንድ ሜቲል ተሸክሟል። ያን ሜቲል ሲያወልቅ ኖርሱዶኢፌድሪን ይሆናል። በቁጥር ካየነው አሥር የነበረው ካርቦን ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት የነበረው ሃይድሮጂን አሥራ ሦስት ሆነ ማለት ነው። በሰውነታችን ውስጥም የዚህ ዓይነት ጥንድ አለ፤ አድሬናሊን ሜቲሉ ሲነሣለት ኖርአድሬናሊን ነው።

አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን፣ ኢፌድሪንና ኖርኢፌድሪን እያሉ የተማሩ ሰዎች ሁሉም ሜቲሉ የሚነሣው ከናይትሮጂን ላይ መሆኑን አዩ። የናይትሮጂን ምልክት ደግሞ በላቲን ፊደል «ኤን» ናት። ከዚህ በመነሣት ኖር ማለት «ኤን ኦኔ ራዲካል» ለሚለው የጀርመንኛ ሐረግ ምኅጻረ ቃል ነው፣ ትርጉሙም «ምንም ያልተንጠለጠለበት ናይትሮጂን» ነው የሚል ማብራሪያ ተስፋፋ። ያምራል። ለማስታወስም ይመቻል። ሐሰት ነው።

ኖር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1860ዎቹ ለንደን ውስጥ፣ ማቲሰንና ፎስተር የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በጻፉት ሥራ ላይ ነው። ይመረምሩ የነበረው ከኦፒየም የሚወጣውን ናርኮቲን ነበር፤ ዛሬ ኖስካፒን ተብሎ በሳል ሽሮፕ ውስጥ የሚገባው ነው። ከናርኮቲን ኦፒያኒክ አሲድ የሚባል ነገር አገኙ፤ ሁለት ሜቲሎች አሉበት። በብርቱ አሲድ ሲቀቅሉት አንዱ ሜቲል ይወድቃል፤ ቀጥሎ ሁለተኛው። ምንም ሜቲል የሌለበትን ባዶውን «ኖርማል» አሉት፤ መሠረቱ፣ ጌጥ ያልተጨመረበት ማለታቸው ነው። «ኖርማል» አጥሮ ኖር ሆነ። በዚያ አሲድ ውስጥ ደግሞ አንድም የናይትሮጂን አቶም የለም! ካርቦን፣ ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ብቻ ነው። በሌለ ናይትሮጂን ስም ምኅጻረ ቃል ሊወጣ አይችልምና የጀርመንኛው ታሪክ እዚያው ላይ ያበቃል። ሌላ ማስረጃ ለሚሻ፣ ለድንገተኛ ጊዜ የእርግዝና መከላከያነት በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ሌቮኖርጀስትረል በሆዱ ኖርን ይዟል፤ ናይትሮጂን ግን የለበትም። እዚያ ሜቲሉ የተነሣው ከካርቦን ላይ ነው።

በእኛ አገርም እንዲህ ያለ የቃል ትርጓሜ ሞልቷል። የቦታ ስም ሲገኝ ፊደሉን በትኖ «አንድ ንጉሥ እዚህ ሲደርስ እንዲህ ብሎ ነበር» የሚል ታሪክ መሥራት የማይወድ ሽማግሌ አላየሁም። ጀርመኖችም ያው እንደኛ ናቸው ብዬ ተጽናናሁ።

ትንሽ የሚያስቅ ነገርም አለበት። ማቲሰንና ፎስተር ኖር ሲሉ ሁሉንም ሜቲል ያወለቀውን ማለታቸው ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን አንድ ብቻ ያወለቀውም ኖር ይባል ጀመር። ኖርማል የሚለው ቃል ደግሞ «የተለመደው» ከሚል ትርጉም ተነሥቶ «የተቀነሰበት» ወደሚል ተሻገረ። ስለዚህ ስማችንን ቃል በቃል ብንተረጉመው «መደበኛ ሐሰተኛ በላይ ተቀማጭ» የሚል ይወጣል፤ ይህን ሰምቶ ጫትን የሚያስብ ሰው ካለ ምርቃናው ሳይመጣ አልቀረም።

አሁን ጫቱ ራሱ ወደ ታሪኩ ይግባ። በኢትዮጵያ ጽሑፍ ውስጥ ስሙ ከተነሣ ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ የዐፄ ዓምደ ጽዮን የ1332 ዘመቻ በተጻፈበት የግእዝ ዜና መዋዕል ጠላታቸው ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ እንደፎከረ ተመዝግቧል። የአውሮፓ ሳይንስ የደረሰበት ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው። የዴንማርክ ንጉሥ ወደ የመን የላከው የስድስት ሰዎች ቡድን ውስጥ ፔተር ፎርስኮል የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። ተክሉን አይቶ መዘገበ፤ በ1763 ያሪም በምትባል የየመን ከተማ በወባ ሞተ። ከስድስቱ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፣ የጓደኛውን ማስታወሻ በ1775 አሳተመለት። ካታ ኤዱሊስ የሚለው የጫት ሳይንሳዊ ስም ከዚያ የወረደ ነው። ካታ ዐረቦች ቃት የሚሉትን ወደ ላቲን ያዞረ ነው፤ ኤዱሊስ በላቲን «የሚበላ» ማለት ነው። ቀደም ሲል ካቴድራልን አንሥቻለሁና እዚህ ላይ እንዳንሳሳት፦ «ካታ» የተክሉ ስም ከግሪክኛው የካቴድራል «ካታ» ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በድምፅ መገጣጠም ብቻ ነው።

በ1887 ፍሉኪገርና ጌሮክ ጫት ውስጥ አልካሎይድ መኖሩን አስታወቁ፤ በላቲኑ የተክል ስም ላይ ያንን የታወቀ ጅራት ቀጥለው ካቲን አሉት። ስም ወጣለት፤ ምን እንደሆነ ግን አልታወቀም። ይህ በኬሚስትሪ የተለመደ ነው። ንጥረ ነገሩ ገና ሰውነቱ ሳይታወቅ በትውልድ ቦታው ስም ይጠራል፤ ማንነቱ የሚጣራው ቆይቶ ነው። ለካቲን የቆየው አርባ ሦስት ዓመት ነው። በ1930 ቮልፌስ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት የጫቱን ንጥረ ነገር መረመረና ፊቱ አዲስ እንዳልሆነ ተረዳ። ሜቲሉን ያወለቀው ሱዶኢፌድሪን ነበር። እሱ ያኔ ኖር ኢሶ ኢፌድሪን ብሎ ጻፈው፤ ኢሶና ሱዶ ለአንዱ ነገር በፉክክር የሚያገለግሉ ባዕድ መነሻዎች ነበሩ፣ ውሎ አድሮ ሱዶ አሸነፈ። ያው ንጥረ ነገር ከጥቂት ዓመታት በፊት በራሱ በኢፌድራ ውስጥም በጥቂቱ ተገኝቶ ስለነበር ስሙ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል። ጫት እጅግ አብዝቶ ቢሠራውም ማንነቱ የተመዘገበው በእንጀራ አባቱ ስም ሆነ። የኢፌድራ ሱስኛ ገበያ የጫትን ያህል ሰፍቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ማንም ይህን ጥያቄ ባላነሣው።

ከታሪክ ነጻ የሆነ ስም የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ። የዓለም ኬሚስቶች በስምምነት ያወጡት የአሰያየም ሥርዓት ካቲንን 2-አሚኖ-1-ፊኒልፕሮፓን-1-ኦል ይለዋል። ይህ ስም ሳይሆን የቤት አድራሻ ነው። ፕሮፓን በተርታ የቆሙ ሦስት ካርቦኖች ናቸው። በአንደኛው ላይ ፊኒል የሚባል ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበትና ኦል፣ ማለትም የአልኮል ምልክት የሆነው ኦክስጂንና ሃይድሮጂን አሉ። በሁለተኛው ላይ ናይትሮጂን ያለበት አሚኖ ተቀምጧል። ወረቀትና እርሳስ ያለው ሰው ስሙን ብቻ እየሰማ ሞለኪውሉን ሊሥለው ይችላል፤ ኖርሱዶኢፌድሪን ከሚለው ግን ኢፌድሪንን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ምንም ሊሥል አይችልም።

ሆኖም ይህም አድራሻ ቢሆን ከታሪክ አላመለጠም፤ ጡቦቹ ያረጁ ናቸው። አሚኖ ከአሞኒያ የመጣ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ በሲዋ በረሓ ከነበረው የአሞን ጣዖት ቤተ መቅደስ ስም። ፊኒል «ማብራት» ከሚል የግሪክ ቃል ነው፤ ቀለበቱ መጀመሪያ የተገኘው የመንገድ መብራት ከሚነድበት ጋዝ በተረፈ ዘይት ውስጥ ስለሆነ። ፕሮፓን «ፊተኛው ስብ» ከሚል ነው። ኦል ከአልኮል የተቆረጠ ነው፤ አልኮልም «አል ኩሕል» ከሚለው ዐረብኛ፣ ማለትም ሴቶቻችን ዓይናቸውን ከሚኳሉበት ከኩል። ደቅቆ የተፈጨ ዱቄት ሁሉ አልኮል ይባል ነበር፤ ኋላ ተጣርቶ ለወጣ ነገር ሁሉ ሆነ፤ በመጨረሻ ለመጠጡ ቀረ። ጣዖት ቤት፣ የመንገድ መብራት፣ ስብና ኩል፤ ንጹሕ ሳይንስ የሚባለው ስም ውስጥ ያለው ይህ ነው።

ሙሉ ስሙ ላይ ሁለት ምልክቶች ይቀድማሉ፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለውም እዚያ ነው። አንዱ የመደመር ምልክት ነው፦ ንጥረ ነገሩ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ወደ ቀኝ ያጣምማል። ሌላው «ኤስ» የምትባለው የላቲን ፊደል ናት፤ «ሲኒስተር» ማለትም ግራ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣች። ካቲን በሁለቱም ካርቦኖቹ ላይ ኤስ ነው። ቀኝም ነው ግራም ነው። ግጭት ግን የለም፤ የመጀመሪያው በመሣሪያ የሚለካ የብርሃን ጠባይ ሲሆን ሁለተኛው በካርቦኑ ዙሪያ ላሉት ነገሮች በተወሰነ ሕግ ተራ ቁጥር ተሰጥቶ፣ በቁጥራቸው ተራ ሲዞሩ በየት በኩል እንደሚዞሩ ታይቶ የሚሰጥ ምልክት ነው። አንዱን አይቶ ሌላውን መተንበይ አይቻልም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ስለ ካቲን ነው። ጫት ቃሚ ቢሰማኝ ግን «የምን ካቲን? ትኩሱን አምጣ» ይለኛል፤ እውነትም አለው። ጫት ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፦ ቅጠሉ ሳይጠወልግ መድረስ አለበት። አወዳይ ላይ የሚታሠረው ጫት በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ውሃ እየተረጨበት መኪናው የሚበረው ለዚህ ነው። ደርቆ የከረመ ጫት ገራባ ነው፤ ማንም ለገራባ ዋጋ አይከፍልም። ካቲን ደግሞ በደረቀው ቅጠል ውስጥ ሞልቶ ይገኛል። እንግዲህ ቃሚውን የሚያነቃቃው በዋናነት ካቲን ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጥድፊያ ባላስፈለገ ነበር።

ኬሚስቶቹ ነገሩን ያላገኙት የሚመረምሩት ጫት ሩቅ አገር ሲደርስ የደረቀ ስለነበር ነው። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ከትኩስ ጫት ሌላ አልካሎይድ ለየ፤ ከካቲን በሁለት ሃይድሮጂን ብቻ የሚያንስ። ሁለቱ ሃይድሮጂኖች ሲጎድሉ የአልኮሉ ቦታ ኬቶን ወደሚባል ቅርጽ ይለወጣል፤ የኬቶኖች መድረሻ «ኦን» ነው፣ እንደ አሴቶን። ካቲን ላይ ኦን ተቀጠለና ካቲኖን ተባለ። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንንና ኖርአድሬናሊንን ከማከማቻቸው የሚያስወጣ፣ በቅርጹም በጠባዩም አምፌታሚን ለሚባለው አነቃቂ መድኃኒት የቀረበ፣ ከካቲን ብዙ የሚበረታ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ በውስጡ ያሉ ኤንዛይሞች ሁለት ሃይድሮጂን ይጨምሩበትና ወደ ካቲን ይለውጡታል፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ብዙው ያልቃል። በስፋት በሚጠቀስ አንድ ልኬት 100 ግራም ትኩስ የጫት ቅጠል በአማካይ 36 ሚሊግራም ካቲኖንና 120 ሚሊግራም ካቲን ተገኝቶበታል።

እዚህ ላይ ስሙ እንደገና ተገለበጠ። በተክሉ ውስጥ ካቲኖን ቀዳሚው ነው፤ ካቲን ከእሱ ይወለዳል። በስሙ ግን ካቲኖን የካቲን ልጅ ይመስላል፤ ምክንያቱም ኬሚስቶቹ ልጁን በ1887፣ እናቱን በ1975 ነው ያገኟት። እናት በልጇ ስም «የእገሌ እናት» ተብላ መጠራቷ በእኛ ሰፈር አዲስ ነገር አይደለም።

እነዚህ ስሞች ወረቀት ላይ ብቻ ቢቀሩ የቃል ወዳጆች ጨዋታ ይሆኑ ነበር፤ ሕግ ግን የሚጻፈው በእነሱ ነው። በ1971 በጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ካቲኖን እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ባለበት በአንደኛው ሰንጠረዥ፣ ካቲን ደግሞ ላላ ባለው በሦስተኛው ውስጥ ሰፍረዋል። ጫት የሚባለው ቅጠል ራሱ በስምምነቱ ውስጥ የለም፤ እያንዳንዱ አገር የየራሱን ይወስናል። ኔዘርላንድስ በ2013፣ ብሪታንያ በ2014 ቅጠሉን ከልክለዋል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ደግሞ የቅጠሉ ስም ሳይሆን በውስጡ የተገኘው ነገር ነው ደረጃውን የሚወስነው፦ ካቲኖን የተገኘበት ጫት ከሄሮይን ጋር በአንደኛው ሰንጠረዥ ይቆጠራል፤ ካቲን ብቻ የተገኘበት ግን በአራተኛው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዋሽንግተን የደረሰ አንድ እሥር ጫት የየትኛው ሰንጠረዥ እንደሆነ ለማወቅ የላቦራቶሪው ሰው የሚፈልገው በመንገድ ላይ ሁለት ሃይድሮጂን ጨምሮ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ነው። በፊደላችን ስንጽፈው ልዩነቱ አንዲት «ኖ» ናት።